የራበው ሰው ፊት የማን ነው?

ካሜራ ይዞ የሰውን መከራ መቅረጽ፣ ቀርጾም መሸጥ፣ ሸጦም እንጀራ መብላት ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው ለአንዳንዱ አንባቢ የሩቅ ሰው ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ የያዘ ነውና ጉዳዩ የእያንዳንዳችን ሆኗል። ደመወዝ የሌለው፣ የቀረጸውን ለገዛው የሚያስረክበው፣ ፍሪላንስ የሚባለው የፊልም ባለሙያ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ይከብደዋል። ተቀጣሪው «ታዝዤ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። በግሉ የሚሠራው ግን ማን አዘዘኝ ይላል?

እዚህ ላይ ሥዕልና ፎቶግራፍ በሸሪዓ ይፈቀዳል አይፈቀድም ወደሚለው ክርክር መግባት አልፈልግም። ዑለማዎች የተለያዩበት፣ ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒን የመሰሉ ሊቃውንት ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም ብለው ከፈቀዱት ቆይቷል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ካሜራው ቢፈቀድ እንኳ ከፊቱ የወደቀው ሰው ሐቅስ?

ለዚህ ጥያቄ መሐመድ አሚንን የመሰለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ በ1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ወላጆቹ ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በዛንዚባር ታሰረ። ሐጅን በካሜራው ቀርጾ እ.ኤ.አ በ1978 የፎቶግራፍ መጽሐፍ አወጣ። ከሥልጣን ወርዶ ሳዑዲ ዓረቢያ የተቀመጠውን ኢዲ አሚንን እ.ኤ.አ በ1980 ፈልጎ አግኝቶ የቀረጸውም እሱ ነው። ቪዝኒውስ ለተባለው የዜና ፊልም ድርጅት በመላው አፍሪካ ይዞር ነበር። እኛ የምናውቀው ግን በኮረም ነው።

መስከረም 1977 ዓ.ም አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በመፈክር አጊጣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር፣ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ሲባል ስለ ረሃቡ በግልጽ አይነገርም። በማግስቱ ወር መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ፈቃድ አግኝቶ ወደ ሰሜን ወጣ። በማለዳው ቅዝቃዜ ሜዳ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ቀብር የሚጠብቁትን ሬሳዎች ቀረጸ። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም በቢቢሲ ታየ፤ በዚያው ዕለት በአሜሪካው ኤንቢሲም ተላለፈ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዳሰራጩት ይነገራል። እህል፣ አውሮፕላን፣ ሐኪም መጣ።

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ለሚወርድ ሰው እሪ በከንቱ የሚለው የሰፈር ስም አዲስ አይደለም። እንደሚባለው፣ ጥንት በዚያ ሰፈር በጨለማ የተዘረፈ ሰው ቢጮኽ ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ የወጣ ስም ነው። ለካ ያ ስም የሰፈር ብቻ አልነበረም! የወሎ ገበሬ በ1965ም በ1966ም ጮኾ ነበር፤ በ1976ም ጮኾ ነበር። እሪታው በከንቱ የቀረው የሚሰማ ጠፍቶ ሳይሆን ሰሚው ጆሮውን ስለደፈነ ነው። ጆሮ የደፈነውን ደግሞ በዓይኑ መጡበት። በዚህ መልኩ ስናየው መሐመድ አሚን የፈጸመው ምስክርነት ነው፤ ግፍን ያየ ሰው ምስክርነቱን ቢደብቅ ኃጢአት እንደሚሆንበት ደግሞ ማንም ሙስሊም አያጣውም።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በኮረም ሜዳ እርቃኗን ልጇን ታቅፋ የተቀረጸችው እናት ፈቃዷን ማን ጠየቃት? በደጉ ዘመን ቤቷ እንግዳ ሳታበላ የማትሸኝ፣ ጎረቤት ሲመጣ ባዶ ማሰሮዋን እንኳ ክዳን የምትደፋበት ሴት ናት። ገመና የሚለው ቃላችን ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሃይማኖታችንም ሰደቃ ስንሰጥ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅ የሚያስተምረን የተቀባዩን ፊት ለመጠበቅ ጭምር ነው።

ለኔ የካሜራ ሰው ከጀናዛ አጣቢ ጋር ይመሳሰልብኛል። አጣቢው በግድ የሌላውን ገላ ያያል። ለድካሙ ቢከፈለው ነውር የለበትም። ያየውን እንከን ግን ከዚያ ክፍል ይዞት አይወጣም፤ አማና ነውና። ካሜራ የያዘው ሰውም የሚያየው የማይታየውን ነው፤ ልዩነቱ ሥራው መናገር መሆኑ ላይ ነው። አጣቢው ቢናገር ይበድላል፣ ምስክሩ ዝም ቢል ይበድላል፤ እሱ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ታዲያ መለያው ምንድን ነው? መለያው ለማን እና እስከ መቼ የሚለው ይመስለኛል። ምስክርነት ዳኛ አለው፣ ጊዜም አለው። ሰው ሊድን በሚችልበት ቀን፣ ሊያድን ለሚችል ሰው የታየ ገመና ምስክርነት ነው። ያው ገመና ከአርባ ዓመት በኋላ ለማስታወቂያ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሌላ አገር ረሃብ ማሟያ ሲወጣ ግን ምስክርነቱ ያኔውኑ ተፈጽሟል፤ የቀረው ገላው ብቻ ነው።

ምስል ከቀራጩ እጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጌታው መቀስ የያዘው ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ በመሐሉ ተሰክቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ምስሉ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ሆኖም ያንን ምስል ለሥልጣን መወጣጫ ያደረገው መንግሥት አሥር ዓመት ሳይቆይ የራሱን ረሃብ በበዓል ጋረደው። የወሎ ድሀ ፊት በአንዱ ዘመን ተገለጠ፣ በሌላው ተሸፈነ፤ ሁለቱም ጊዜ እሱን ያማከረ የለም።

ከ1977ቱ በኋላ የሆነውም ቀላል አይደለም። የውጭ ዘፋኞች ተሰባስበው ገቢ አሰባሰቡ፤ አላህ ይስጣቸው። ግን የመጀመሪያው ዘፈናቸው ርዕስ የተራቡት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ክርስቲያኑ ወገናችን ገናን ከብዙው አውሮፓ በፊት ያከብር የነበረ ነው፤ ከወሎ ረሃብተኛ መሐል ደግሞ ቁጥሩ ብዙ የሆነው ረመዳንን የሚጠብቅ ነበር። ፊቱን አይተው ማንነቱን አላዩም ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ አሠራሩን በግልጽ የተቃወመው የፈረንሳይ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ለዚህ ሁሉ ካሜራማኑን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። ምስሉ ያለ ስም፣ ያለ አገር፣ ያለ ምክንያት ከሄደ ሌላው እንደፈለገ ስም ያወጣለታል ለማለት ያህል ነው።

ስም ሲኖር ምን እንደሚሆን የብርሃን ወልዱ ታሪክ ያሳያል። በዚያው ዓመት የካናዳው ሲቢሲ ቡድን ልትሞት ነው የተባለችውን ሕፃን ትግራይ ውስጥ ቀረጸ። ሕፃኗ ዳነች። እ.ኤ.አ በ2005 ለንደን በተካሄደው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ፣ በገዛ አፏ ተናገረች። የቀሩት ግን? በኮረም ፊልም ውስጥ ካሉት ፊቶች ስማቸው የሚታወቅ ስንቶቹ ናቸው? ቀራጩ ስም ቢጠይቅ የሚፈጅበት የአንድ ደቂቃ ግማሽ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ የአንድ ደቂቃ ግማሽ ምን ያህል እንደሆነ ግን እዚያ ያልቆመ ሰው አይፈርድም።

መሐመድ አሚን ራሱ ለሙያው የከፈለው ጥቂት አልነበረም። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ ግራ ክንዱን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። በሰው ሠራሽ ክንድ ካሜራ መሸከም ተምሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ልጁ ሳሊም ስለ አባቱ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። እንግዲህ ሰውየው የሰውን መከራ ሸቀጥ አድርጎ ኖረ የሚል ቢኖር ሚዛኑን አስተካክሎ ይናገር።

የኛ ዘመን ነገር ግን ኮረምን እንኳ አይመስልም። አሁን ረመዳን በመጣ ቁጥር ዱቄትና ዘይት ሲታደል ካሜራ ይቀድማል። በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚኖር፣ ሠርግም ዘጋቢ ፊልምም በግሉ የሚቀርጽ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር እደላ እንዲቀርጽ ጠራው። አንዲት አሮጊት ዘይቱን ሲቀበሉ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አስተባባሪው «እማማ ቀና በሉ እንጂ፣ ለጋሾቹ ይዩዎት» አላቸው። ወጣቱ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ እጃቸውንና ጄሪካኑን ብቻ ቀረጸ። ሥራው አልተወደደለትም፤ ቀሪ ሒሳቡም እስካሁን አልተከፈለውም።

በኮረም ዓለም አላየም ነበርና ማሳየት ግድ ሆነ። እኚህን እናት ግን ሰጪው አስቀድሞ አውቋቸዋል፤ ዘይቱ ደርሷል፤ ያልዳነ ነፍስ የለም። ታዲያ ፊታቸው የሚፈለገው ለምንድን ነው? ለጋሹ ገንዘቤ የት ገባ ቢል ሐቁ ነው፤ ማኅበሩም ማሳየት አለበት። ለዚህ የተቀባዮች መዝገብ አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ የግዢ ደረሰኝ አለ፣ የመስጊድ ኮሚቴና የቀበሌ ሽማግሌ ምስክርነት አለ። ፊልም የግድ ከተባለም የተቆለለው ዱቄት፣ የሚቀበለው እጅ ይበቃል። መናገር የሚሻ ሰው ካለ ደግሞ ተቀምጦ፣ ስሙን ተጠይቆ፣ ምን እንደሚባልለት አውቆ ይናገር፤ በነጋታው ሐሳቡን ቢለውጥ ፊልሙ እንዲወጣለት የሚደውልበት ቁጥርም ይሰጠው። ይህን ከባለሙያው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ማስገባት ሁለት መስመር አይፈጅም፤ ውሉም መፈረም ያለበት ረመዳን ሳይገባ ነው።