ኮርቻ የተሸከመው ሰው

ጎሕ ሲቀድ ከዋርካው ሥር የደረሱት አሥራ ስድስት ፈረሰኞች ነበሩ። አሥራ ሰባተኛው ቀረ። የማኅበሩ ደንብ ሁሉም ሳይሟሉ መነሣትን አይፈቅድምና ግላሳቸውን እያስተካከሉ፣ የፈረሶቻቸውን ግንባር እያሻሹ፣ ብርዱን እያማረሩ ጠበቁ።

ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ ከወንዙ በኩል አንድ ሰው ዳገቱን ሲወጣ ታየ። በትከሻው የተሸከመው ነገር አለ። አንዱ «ጥጃ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ልጅ ነው፤ ታሞበት ጠበል ሊያስጠምቅ ይሆናል» አለ። ቀረብ ሲል ኮርቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱ እርካብ ደረቱን፣ ሌላው ጀርባውን እየመታ ይወዛወዛል፤ ልጓሙ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ባለ ዳማው ነበር። ዳማው ግን የለም።

ታሪኩ ምሳሌ ነውና የቱ ቀበሌ፣ የማን ማኅበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። አገሩን ግን አልደብቅም፤ ጎጃም ውስጥ ያለው የአዊ ምድር ነው። እዚያ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ሬሳ ይሸኛል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓሉም የዓድዋ ፈረሰኞችንና የቅዱስ ጊዮርጊስን መታሰቢያ አንድ ላይ ያሰረ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ የተገኘው በሰማዕቱ ዕለት ነውና፣ 23 ለፈረሰኛ ሰው እንደ ሌላው ቀን አይደለም። እኔ የማወራው ግን ስለዚያ ትልቅ ማኅበር ሳይሆን ስለ አንዲት ትንሽ የጽዋ ማኅበር ነው፤ በየወሩ በ23 ከቤት ወደ ቤት ስለምትዞር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግን ሚያዝያ 23 ቀን ፈረስ ጭና ኮረብታው ላይ ወዳለው ጊዮርጊስ ስለምትወጣ። ያን ዕለት ጽዋው የሚጠጣው ቤት ውስጥ አይደለም። በደኑ፣ በጥዱና በወይራው ሥር፣ ሣር ላይ ነው። ፈረሶቹም እዚያው ይግጣሉ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ቀደም ብሎ ስለዋለ ጾሙ ተፈቷል። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር የመጣው።

«የታለ ዳማው?» አሉት ሙሴው። ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዳሌያቸው የማይታዘዛቸው ሽማግሌ።

«ሌሊት ሆዱን ቆርጦት ሲንፈራገጥ አድሮ፣ ዶሮ ሲጮኽ ሞተ።»

ማንም ወዲያው አልተናገረም። «እግዜር ያጽናህ» ሊሉ የከጀሉም ቃሉ ለፈረስ ይባል አይባል እንደሆነ ስላልታወቃቸው ዋጡት።

«ታዲያ ኮርቻውን ምን ልትሆን ተሸከምከው?» አለ ባለ ቦራው። ወጣት ነው። ቦራው የዚያ አገር ፈጣን ፈረስ ነው፤ በጥምቀት ጉግስ ማንም አልደረሰበትም።

«ጌታው ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ ለቅሶ ይወጣለታል» አለ ሰውዬው። «ፈረሱ ሲሞትስ ማን ይውጣለት? እኔ ወጣሁለት።»

አንዱ «ና ከኋላዬ ተፈናጠጥ» አለው። ኮርቻውን ይዞ መፈናጠጥ አይቻልም፤ ትቶት መምጣትን ደግሞ እምቢ አለ። ሌላው ፈረሱን ሊለቅለት ፈለገ። «ትናንት ማታ ገብስ ያበላሁት ሳይቀበር ዛሬ የሰው ፈረስ ላይ አልወጣም» አለ። ግትር ነው ብለው ያዘኑበትም ነበሩ። እኔም ብሆን ኖሮ ሳይሰለቸኝ አይቀርም፤ ሐዘንተኛ ሁልጊዜ የሚያስደስት የመንገድ ጓደኛ አይደለም።

ባለ ቦራው ነገሩን በደንብ ሊጨርሰው ሞከረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፀሐይዋ እየበረታች ነው ብሎ ነው። «ማኅበራችን የፈረሰኛ ማኅበር ነው። ፈረስ ሳይጭን የመጣ አንድ ጋን ጠላ ይቀጣል፤ እኛው ነን ያጸደቅነው። ይቀጣና በእግሩ ይከተለን። ቀድመን ደርሰን እንጠብቀዋለን፤ ምን ቸገረን?»

እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። ሁሉም ወደ ሙሴው ዞሩ።

ሙሴው የሚቀመጡባት አንዲት አሮጌ ባዝራ ናት። የቆየ ሰው ናቸውና እርካባቸው የድሮው ዓይነት ነው፤ የባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ ቀለበት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በአምባላይ ፈረሱ አይታችሁት ከሆነ፣ እሱም እርካቡን የያዘው በአውራ ጣቱ ነው። ባለ ቦራው በቡትስ ጫማ፣ እግር ሙሉ የሚያስገባ የብረት እርካብ ላይ ነው የቆመው፤ ለግልቢያ የሱ ይሻላል። ሽማግሌው ጣታቸውን ከቀለበቱ አወጡ። አንድ እጃቸውን የኮርቻው ጉብ ላይ አድርገው፣ ዳሌያቸውን እያቃሰቱ፣ ቀስ ብለው መሬት ረገጡ። እንደገና ለመውጣት ድንጋይ ተፈልጎ፣ ሁለት ሰው ደግፎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ምነው አባቴ? አመመዎት?»

«አላመመኝም። ወረድኩ።»

«ከፈረስ የሚወረደው ለቤተ ክርስቲያንና ለታላቅ ሰው ነው» አለ ባለ ቦራው። «ቤተ ክርስቲያኑ እንደሆነ ገና ሩቅ ነው።»

ሙሴው ዛቡን ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉ። «ቤተ ክርስቲያኑስ እውነትህን ነው፤ ሩቅ ነው» አሉና መራመድ ጀመሩ።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁሉም ገብቶት አይመስላችሁ። አንዱ አፍሮ ወረደ። አንዱ ሌላው ስለወረደ ወረደ። አንዱ ደግሞ መቀመጫው ስለተላጠ ሰበብ አግኝቶ ነው፤ በኋላ ራሱ እየሳቀ ነግሯቸዋል። ባለ ቦራው ብቻ ፈረሱ ላይ ቀረ። «እኔ ቀድሜ ለመምሬ እነግራለሁ» አለና ቦራውን ሽምጥ አስጋለበው። አቧራው ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ቆየ።

መጽሐፍ ቅዱስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለፈረስ ብዙም አያደላም። የፈርዖን ፈረሶች ባሕር ውስጥ ቀሩ። በኦሪት ዘዳግም ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ ተከልክሏል። መዝሙረኛውም በ32ኛው መዝሙር ፈረስ ሰውን እንደማያድን ተናግሯል። ጌታ ራሱ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ውርንጭላ ነው። ለፈረስ የሚያበራው ከነቢዩ ዘካርያስ መጨረሻ ላይ ያለው ቦታ ነው፤ በዚያ ቀን በፈረሶች ቃጭል ላይ ሳይቀር «ቅዱስ» የሚል ይጻፋል ይላል። ይህን የማነሣው ያን ዕለት በመንገዱ የሰማው ሁሉ ስለ ቃጭሉ ስለሚያወራ ነው። ፈረስ ሲጋልብ ቃጭሉ አንድ ላይ ይንጫጫል። ሲጎተት ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየእርምጃው፣ ዝግ ብሎ ይሰማል። አሥራ አምስት ፈረስ በዝግታ ሲያልፍ ማሳ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ታቦት የሚወጣ መስሏቸው ሞፈራቸውን አቁመው ተሳለሙ።

ሌሊት ትንሽ ካፊያ ወርዶ ነበርና መሬቱ ይሸታል። ለከሰል በተተከለው ዲከረንስ መካከል ሲያልፉ ጥላው እርጥብ ነው። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ሲመላለሱ ያላዩት ምንጭ ከድንጋይ ሥር ሲወጣ አዩ፤ አንዲት ሴት በቅል እየቀዳች ነው። «ይህ ምንጭ መቼ ፈለቀ?» ብለው ጠየቋት። «አያቴ ከዚህ ነበር የምትቀዳው» አለቻቸው። ፈረሶቹን አጠጡ። ፈረስ የደፈረሰ ውኃ ላይ ያንኮራፋል እንጂ አይጠጣም፤ እዚህ ግን አፍንጫቸውን እስከ ዓይናቸው ነክረው ጠጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ባዝራዋ ያደረገችውን ያዩት። ሙሴው ዛቡን አልሳቡም፤ እሷ ግን እርምጃዋን አፍጥና ኮርቻ ከተሸከመው ሰው ኋላ ገባች። አፍንጫዋን የዳማው ላብ በደረቀበት ግላስ ላይ አደረገች። አሸተተች። ሰውዬው ሲቆም ትቆማለች፤ ሲሄድ ትከተላለች። ቀስ ብላ ታሽካካለች፣ ግልገሏን እንደምትጠራ። ከመካከላቸው አንዱ «ዳማው የሷ ውርንጭላ አልነበር እንዴ?» አለ። ነበር። ሰውዬው ከስምንት ዓመት በፊት ከሙሴው የገዛው ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

ባለ ቦራው በበኩሉ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። መምሬ ከጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ።

«ማኅበሩስ?»

«በእግር እየመጡ ነው፣ መምሬ።»

«ማን ሞቶ?»

«ፈረስ።»

መምሬ አልሳቁም። «ይምጡ እንግዲህ» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ባለ ቦራው ተቀመጠ። ጠላው ከትናንት ጀምሮ እዚያ ነው፤ ዳቦውም በሰፌድ ተሸፍኗል። ግን ጽዋ ብቻውን ለመጣ አይከፈትም። ለማን ይነሣል? ማን ይቀበለዋል? ሣሩ ላይ ጋደም አለ፤ ተነሣ፤ እንደገና ጋደም አለ።

ቦራው ከሱ ይልቅ ተጨነቀ። ፈረስ ብቻውን መቆም አይችልም፤ ከመንጋው ሲለይ ያልበዋል። ጆሮውን ወደ ቁልቁለቱ አቀና፣ መሬቱን በኮቴው ጫረ፣ አሽካካ። ከታች ሩቅ የቃጭል ድምፅ ሲመጣ ታስሮበት የነበረውን የወይራ ቅርንጫፍ ገንጥሎ፣ ኮርቻውን እንደተጫነ፣ ወደ ጓደኞቹ ሸመጠጠ። ያንን ፈረስ ማን ይደርስበታል?

ባለ ቦራው በቡትስ ጫማው ቁልቁለቱን ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኙ። ቦራው ከባዝራዋ ጎን ገብቶ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው፣ እየሄደ ነበር።

«ፈረስህስ?» አለው ኮርቻ የተሸከመው።

«መጣላችሁ አይደል» አለ። ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ የኮርቻውን ሌላ ጎን ያዘ። ሰውዬው መጀመሪያ ሊለቅለት አልፈለገም። ዳገቱ ሲከብድ ለቀቀለት። ኮርቻው በሁለት ሰው መካከል፣ ቃሬዛ እንደሚያዝ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ከመምሬ ብዙ ስብከት የጠበቀ ካለ ይከፋዋል። ጸሎቱን እንደ ወትሮው አደረሱ። ፈረሶቹ ዙሪያውን ይግጣሉ፤ ኮርቻው መካከል ሣር ላይ ተቀምጧል። ጸሎተ ሃይማኖትን፣ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ያጸኑትን፣ በግዕዝ እያሉ ሄደው አንዲት ቃል ላይ ደረሱ፤ ጌታ ስለ እኛ ያደረገው የተነገረበት ቦታ ላይ። በግዕዙም በአማርኛውም ያው ናት። «ወረደ» አሉና ቆሙ። አርባ ዓመት ያለ ስሕተት የደገሙት ነው፤ የጠፋባቸው መስሏቸው አንዱ ከኋላ ቀጣዩን ቃል ሹክ ሊላቸው አፉን ከፈተ። ሙሴው በዓይናቸው ከለከሉት። ነፋሱ ጥዱን አንሿሿው፤ ከፈረሶቹ አንዱ ሣር ሲነጭ ይሰማል። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከቆሙበት ቀጠሉ።

ዳቦው ተቆረሰ። የመጀመሪያው ጽዋ ለማን እንደተሰጠ መናገር አያስፈልግም።

የጋን ጠላው ቅጣትም አልቀረም። ባለ ዳማው ራሱ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ በሰኔ 23 ከፈለ። በኋላ በቅሎ ገዛ፤ ፈረስ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። በቅሎ ፈረስ ናት አይደለችም በሚል ማኅበሩ ሁለት ወር ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም ይባላል፤ በቅሎዋ ግን አንድም ሚያዝያ ቀርታ አታውቅም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከዋርካው ሥር ሲደርሱ ሁሉም ይወርዳሉ። ለምን እንደሆነ አብዛኞቹ ልጆች አያውቁም። ባለ ቦራውን ከጠየቁት «እኔን ፈረሴ ነው ያወረደኝ» ይላል። ባለፈው ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ፈረስ የጫነ አንድ ልጅ፣ እርካቡን ሳይለቅ፣ ሙሴውን ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሩቅ ነው። ለምንድን ነው የምንወርደው?»

ሽማግሌው ወርደው ነበር። ባዝራዋም አርጅታ ጭነት ከብዷታል። የኮርቻዋን መቀነት ፈቱ፣ ኮርቻውን አንሥተው ወደ ልጁ ዘረጉለት።

«እስቲ ያዝልኝ» አሉት። «ከብዶኛል።»

ልጁ ለመያዝ ወረደ።