በሥራ መካከል የሚጠበቅ ጸሎት



ካህናት ምእመናንን በየቤታቸው ሲጎበኙ ደጋግመው የሚሰሙት ቃል «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነው። ጸሎትን የሚጠላ ሰው በመካከላችን እምብዛም አይገኝም፤ ጸሎቱ የተቋረጠበት ሰው ግን ብዙ ነው። የተቋረጠበትም አንድ ቀን ተነሥቶ ልተወው ብሎ ስለ ወሰነ አይደለም። ዛሬ አጨዳ ደረሰ፣ ነገ ገበያ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ እንግዳ መጣ ሲባል ሳምንት ሳምንትን እየተካ ያልፋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰውየው «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀምሮ መካከል ላይ ቃሉ ሲጠፋበት፣ ያን ጊዜ ይደነግጣል።

ይህን ስንናገር የምእመናንን ድካም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በጉና ግርጌ ያለው የፋርጣ ገበሬ ገብሱን ሲያርም፣ ድንቹን ሲኮተኩት በብርድ ይውላል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው ክረምቱን ጭቃና ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያርም ወገቡ ይጎብጣል። እናቶች ገና ሳይነጋ ተነሥተው ውኃ ይቀዳሉ፣ እሳት ያያይዛሉ፣ ይጋግራሉ፣ ሕፃን ያጠባሉ፤ ማታም ቤተሰቡ ሁሉ ሲተኛ እነርሱ ዕቃ በማጠብ ላይ ናቸው። በደብረ ታቦርና በአዲስ ዘመን ከተማ የሚኖረው መምህር፣ ባለ ሱቅና የባጃጅ አሽከርካሪም ቢሆን የኑሮ ውድነት እረፍት አይሰጠውም። ይህ ሁሉ የልጆች እንጀራ የሚገኝበት ሥራ ስለሆነ፣ «ሥራችሁን ትታችሁ ጸልዩ» የሚል ምክር ከእኛ አይወጣም።

ብዙዎቻችን የምንኖርባት ከተማ የደብረ ታቦርን ስም ይዛለች። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ የሚያከብሩት በዓል ጌታችን በዚያ ተራራ ክብሩን የገለጠበት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለዚያ ቀን ሲጽፍ ማቴዎስና ማርቆስ ያላነሡትን ሁለት ነገር ይነግረናል (ሉቃ. 9፥28-36)። አንደኛው ጌታ ወደ ተራራው የወጣው ሊጸልይ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ጴጥሮስና ጓደኞቹ እንቅልፍ ከብዶባቸው እንደ ነበር ነው። ከሐዋርያት መካከል የተመረጡት ሦስቱ እንዲህ ከሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ሰው በማታ ጸሎቱ ላይ ቢያንቀላፋ እግዚአብሔር የሚቆጣ አይመስለንም። ሐዋርያቱ የደከሙት ግን ከጌታ ጋር ከወጡ በኋላ ነው፤ ስለ ደከማቸው ከታች አልቀሩም።

ጴጥሮስ ክብሩን ባየ ጊዜ በዚያው ለመቅረት አስቦ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። ዳሶቹ ግን አልተሠሩም። በማግሥቱ ከተራራው ሲወርዱ የጠበቃቸው የታመመ ልጅ ይዞ የሚጮኽ አባት ነበር (ሉቃ. 9፥37-43)። ጌታም ልጁን ፈወሰው። ስለዚህ ከጸሎት ተነሥቶ ወደ ታመመ ልጅ፣ ወደ ተራበ ከብት፣ ወደሚጠብቅ ደንበኛ መሄድ ጌታ ራሱ የሄደበት መንገድ ነው። በማርታም ቤት (ሉቃ. 10፥38-42) ጌታ የወቀሰው ጭንቀቷን ነበር እንጂ ወጥ መሥራቷን አልነበረም፤ ምግቡንም ሳይበላው አልቀረም ብለን እናስባለን።

ይህን ነገር በሕይወቱ አሳምሮ ያስተማረ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ነው። ድሆችን የሚያገለግሉትን እኅቶች በጸሎት ሰዓት ድሀ ቢጠራቸው ያለ ምንም ፍርሃት ተነሥተው እንዲሄዱ፣ በዚያም የሚያገኙት ያንኑ እግዚአብሔርን መሆኑን ይመክራቸው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ምክር ይወደዋል፤ ጸሎትን ለመተው ይመቻልና። ይኸው ቅዱስ ግን ለማኅበሩ አባላት ከንጋቱ በፊት በ10 ሰዓት መነሣትንና በየዕለቱ ለአንድ ሰዓት በጸጥታ መጸለይን የወሰነ ሰው ነው። ጸሎቱን ለድሀ የሚያቋርጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያቋርጠው ጸሎት ሊኖረው ይገባል።

ከዚህ ማኅበር የወጣው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ብለው የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ገባ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፣ በአገሩም ሥርዓት ኖረ፤ ጉዋላ ላይ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1849 ጵጵስናን ተቀበለ። ታሰረ፣ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1860 ወደ ሀላይ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ዐረፈ። ኑሮው የተረጋጋ ቤትና የተመደበ ሰዓት ያልነበረው ኑሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1975 ቅድስናውን ባወጀች ጊዜ ያከበረችው እንዲህ ያለውን መንገደኛ ነው።

ከእርሱ ጋር የሠራው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለደ መነኩሴና የመጽሐፍ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ጎንደር ላይ ታስሮ እግሩ በግንድ ተጠረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሰንሰለት ሆኖ ከዘማች ሠራዊት ጋር እየተጎተተ ሳለ በመንገድ ላይ ሞተ። ያ ዘመን በክርስቲያኖች መካከል ብዙ መራራ ነገር የተፈጸመበት ነው፤ ዛሬ ያን ቂም ለመቀስቀስ አናነሣውም። ልናስብ የምንወደው አንድ ነገር ነው። እስረኛ መቅደስ የለውም፣ መቁጠሪያው ይወሰድበታል፣ መጽሐፉም ይቀርበታል። የሚተርፈው ደህና በነበረበት ዘመን በየቀኑ እየደጋገመ በልቡ ያኖረው ብቻ ነው። እኛስ ዛሬ በታመምንበት አልጋ ላይ ብንሆን በልባችን ምን ያህል ተቀምጦ እናገኛለን?

ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ወዳለው ጣራ ገዳም ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው የዚህን ነገር ምሳሌ በዓይኑ ያያል። በደቡብ ጎንደር ደጋ አብዛኛው ኮረብታ ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ ሲሆን፣ ወይራውና ሌላው የአገር ዛፍ በገዳማትና በአድባራት ዙሪያ ቀርቷል። ይህን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። የደን ሊቃውንት እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ግን ሊያሳስበን ይገባል። ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት ደን ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ግን ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ አያድግም። ከሩቅ የሚያይ ሰው «ደኑ ደህና ነው» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ሲወድቁ የሚተካቸው እንደሌለ አይታየውም። በዚህ ምክንያት በደቡብ ጎንደር ባሉ አንዳንድ አድባራት ሕዝቡ ከየእርሻው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ፤ ከካቡ ውስጥም ቡቃያው ቀና አለ።

በሬው ክፉ ፍጥረት አይደለም፤ ቤተሰቡን የሚመግበው እርሱ ነው። አጥር በሌለበት ግን በሬ ይገባል። ሥራችንም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት አባትና እናት ከወላጆቻቸው የወረሱት እምነት እንደ ሽማግሌ ዛፍ ቆሟል፤ በፋሲካና በገና ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይጾማሉ፣ ማተባቸውን አልበጠሱም። ልጆቻቸው ግን አባታቸው ሲጸልይ አይተውት አያውቁም። በእኛ አስተያየት የጸሎት መቋረጥ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

ካቡ ረጅም መሆን የለበትም። በዐቢይ ጾም መግቢያ «በየሌሊቱ ዳዊቱን እጨርሳለሁ» ብለው የሚሳሉ ሰዎች ሲያጋጥሙን ደስታችን ከስጋት ጋር ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ዳዊቱም አባታችን ሆይም አብረው ይቀራሉና። አባቶቻችን ውዳሴ ማርያምን ለሰባቱ ዕለታት የከፈሉት ሰው የዕለቱን ድርሻ እንጂ የሳምንቱን ሸክም በአንድ ጊዜ እንደማይሸከም ስላወቁ ይመስለናል። ጥቂት ይሁን፤ ሰዓቱ ግን የታወቀ ይሁን። ገበሬው በሬውን ጠምዶ የመጀመሪያውን ትልም ከመቅደዱ በፊት ቢያማትብና አባታችን ሆይ ቢል፣ ባለ ሱቁ መዝጊያውን ሲከፍት እንዲሁ ቢያደርግ፣ ሥራው ራሱ የጸሎቱ አስታዋሽ ይሆንለታል። አንድ ቀን ያመለጠውም ሰው የትናንቱን እንደ ዕዳ ቆጥሮ አይጨነቅ፤ የዛሬውን ያድርስ። ጊዜ አጣሁ የሚለው ወጣት ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ስልኩን ምን ያህል ሲያይ እንደሚያመሽ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱን ለእኛ መንገር የለበትም።

ለቤተሰብ ጸሎት ከሁሉ የሚመቸው የቡና ሰዓት ነው። ቡና ሲፈላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ከአቦል እስከ በረካ ለመቀመጥም ማንም ጊዜ አላጣም። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ማንበብ ከሚችሉት ልጆች አንዱ ከዕለቱ ወንጌል ጥቂት ቁጥሮች ቢያነብ፣ ሁሉም አባታችን ሆይና ሰላም ለኪ ማርያም ቢሉ ሌላ ሰዓት መፈለግ አያስፈልግም። «ቡና ላይ ምን ጸሎት አለ» የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሐሜት በሚነገርበት ቦታ ጸሎት የማይነገርበት ምክንያት ግን አልታየንም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶታል። ቁምስናዎች በሚራራቁበት በእኛ አገር ይህ ስም የማዕርግ ስም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ካህን መድረስ አይችልም፤ ቅዳሴ የማይገኝበት እሑድ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሰንበትን የሚጠብቁት የቤት ጸሎት የለመዱ ቤተሰቦች ናቸው።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቤቱ ስትገቡ «ትጸልያላችሁ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎን» ይላችኋልና። በስንት ሰዓት እንደሚጸልዩና ጸሎቱን የሚጀምረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ ለመመለስ ቢያመነቱ አትዝለፏቸው፤ በዚያው ዕለት ከቤቱ ሳትወጡ ሰዓቱን ከእነርሱ ጋር ወስኑ፣ የመጀመሪያውንም ጸሎት ከልጆቹ ጋር አብራችሁ አድርሱ።