ወገን ዳኛ ሲሆን

ሰው ሌላው ያላየውን፣ እርሱ ብቻ የሚያውቀውን እውነት፣ መናገሩ ራሱን በሚጎዳበት ጊዜ እንኳ የመግለጽ ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሊቃውንት በችሎት፣ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ምሳሌነት ሲመረምሩት ኖረዋል። ይሁንና ታላቅ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በትንሽ ስፍራ ይበልጥ ጠርቶ ይታያል። ከእነዚህ ስፍራዎች አንዱ በእንግሊዝ ገጠር፣ በበጋው ወራት ቅዳሜና እሑድ የሚደረገው የመንደር ክሪኬት ነው።

ጨዋታው በኢትዮጵያ እምብዛም የተለመደ ባለመሆኑ አካሄዱን በአጭሩ መግለጽ ያሻል። እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በመምቻው እየተከላከለ፣ ኳሷን መትቶ ባራቀ ጊዜ ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም መምቻውን ነክታ መሬት ሳትደርስ ከተቀለበች፣ መቺው ከሜዳ ይወጣል፤ ተራውንም ለሌላው ይለቃል። የመንደር ተጫዋች ደመወዝ የለውም። በሳምንቱ ቀናት ገበሬ፣ አስተማሪ ወይም ባለሱቅ ነው። ወደ ጎረቤት መንደር በእንግድነት በሄደ ጊዜ የሚጠብቀው የግማሽ ቀን ግጥሚያና ባለሜዳው መንደር የሚያሰናዳው ሻይና ዳቦ ነው።

በታላላቅ ግጥሚያዎች ገለልተኛ ዳኞች ይመደባሉ። በመንደር ግን ብዙ ጊዜ ዳኛ ይታጣል። ስለዚህ በልማድ የጸናው አሠራር በምት ላይ ያለው ቡድን ዳኞቹን ከራሱ ተጫዋቾች መካከል እንዲያቆም ነው። ተራው ያልደረሰ፣ ወይም አስቀድሞ የወጣ ተጫዋች ነጭ ካፖርት ደርቦ ይቆምና በባልንጀራው ላይ ይፈርዳል። “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ” በሚል አባባል ላደገ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊመስል ይችላል።

እንግዲህ እንግዳው ቡድን በምት ላይ ነው እንበል። ለማሸነፍ የቀረው ጥቂት ነጥብ ነው። ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ በስሱ ዳሳ ከኋላ በቆመው ቀላቢ እጅ ትገባለች። ንክኪው ከፀጉር የቀጠነ ቢሆንም መቺው በመዳፉ ተሰምቶታል። ባለሜዳዎቹ “እንዴት ነው?” እያሉ ወደ ዳኛው ይጮኻሉ። በክሪኬት ሕግ ዳኛ ካልተጠየቀ መቺን አያስወጣም፤ ያው ሕግ ግን መቺው መውጣቱን ካወቀ ጥያቄም ሆነ ፍርድ ሳይጠብቅ ሜዳውን ለቆ እንዳይሄድ አይከለክለውም። ዳኛው ነፋሱ ወስዶበት ድምፁን አልሰማም፤ የሰማውን ብቻ ይፈርዳልና “አልወጣም” ይላል። መቺው ምን ያድርግ?

ይቁም የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ደካማ አይደለም። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን የለበትም፤ የመቺው ድርሻ መምታት፣ የዳኛው ድርሻ መፍረድ ነው ይላሉ። ዳኛው ኳሷ ሳትነካው በስህተት ያስወጣው እንደሆነ የሚመልሰው የለም፤ ታዲያ ስህተቱ ሲጠቅመው ለምን እሺ አይልም? በእንግሊዝና በአውስትራሊያ መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው ግጥሚያ ስቱዋርት ብሮድ ኳሷን ነክቶ ከተቀለበች በኋላ ዳኛው ስላላስወጣው ባለበት ጸና፤ እንግሊዝም በ14 ነጥብ ብልጫ አሸነፈች። ከአሥር ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያ ግን አውስትራሊያዊው አዳም ጊልክሪስት ዳኛው አልወጣህም እያለው በገዛ ፈቃዱ ሄዷል። ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። የሁለቱን ልዩነት መለካት ያለበት እንግዲህ ከሕግ ሌላ ሚዛን ነው።

ሕግ የራሱን ጉድለት ማረም ሲችል ያርማል። እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ የሃምብልደን አምስት ተጫዋቾች ከኬንት አምስት ጋር ሲገጥሙ፣ ላምፒ ስቲቨንስ የወረወራት ኳስ ከመቺው ከጆን ስሞል ኋላ በእንጨቶቹ መካከል ሦስት ጊዜ አለፈች። በዚያ ዘመን የሚተከሉት እንጨቶች ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ ኳሷ ምንም ሳትጥል ሾለከች፤ ስሞልም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ነው መካከለኛው እንጨት የተጨመረው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም በታላላቅ ግጥሚያዎች የዳኛን ውሳኔ በምስልና በድምፅ መሣሪያ መመርመር በይፋ ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን የስሞልን ነገር ተመልካች ሁሉ አይቶታል፤ የተሰወረ ነገር አልነበረም። የመንደሩ መቺ ምስጢር ግን በመዳፉ ውስጥ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህች እውነት ግን ባለቤቷ ካልተናገራት እያደርም አትጠራም።

የመንደሩን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ደግሞ የዳኛው ማንነት ነው። ደመወዝተኛው ዳኛ ቢሳሳት ስህተቱ የሙያ ስህተት ይባላል። ወገን የሆነው ዳኛ ሲሳሳት ግን ስህተቱ አድልዎ ይመስላል። ድምፁን የሰማው ቀላቢ፣ ዳኛው ለጓደኛው ዋሸ ብሎ ያስባል፤ እንግዳን በመሬቱ ተቀብሏልና ቅሬታውን ውጦ ዝም ይላል። ስለዚህ መቺው ዝም ባለ ጊዜ ከማንም ምንም አልወሰድሁም ሊል አይችልም፤ ለጥቂት ነጥብ ሲል የባልንጀራውን ስም ከፍሏል። ዳኛው ያወጣውን ፍርድ በቅንነት ሰጥቶ ሳለ፣ ሐሜቱን ተሸክሞ የሚመለሰው እርሱ ነው። ግለሰቡ የሚያተርፈውን ሌላው የሚከፍልበት ዝምታ ገለልተኛ ዝምታ ሊባል አይገባውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሐቀኝነትም ሊነገድበት ይችላል የሚል ነው። ግጥሚያው ቀላል ሲሆን በፈቃዱ እየወጣ ስም የገነባ ሰው፣ በጭንቅ ሰዓት ዝም ቢል ዳኛው “እርሱ ቢነካ ኖሮ ይሄድ ነበር” ብሎ ያምነዋል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ የሚያስረዳውም ሐቀኝነት የሚፈተነው በሚያስከፍልበት ሰዓት መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ከታሪክ የሚነሣ ነው። ይህን የሜዳ ጨዋነት በቅኝ ግዛቶች ትምህርት ቤት ያስተማረው ኢምፓየር ራሱ ባገሬው ላይ በቅንነት አልፈረደም። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ስለ ክሪኬት በጻፈው መጽሐፍ፣ በልጅነቱ ተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ ያለ ኀፍረት ይዋሹና ይኮርጁ እንደ ነበር፣ ሜዳ በገቡ ጊዜ ግን የዳኛን ፍርድ ያለ ማጉረምረም ይቀበሉ እንደ ነበር ይናገራል። ታዲያ ጨዋነቱ የገዥ ልጓም ነበርን? ጄምስ እንዲያ ብሎ አልጣለውም። መለኪያውን ይዞ ለኪዎቹን ለካቸው፤ የዌስት ኢንዲስ ቡድን አምበልነት በቆዳ ቀለም መሰጠቱን ተከራከረ፤ ፍራንክ ዎረልም እ.ኤ.አ. በ1960 ለሙሉ የአውስትራሊያ ጉዞ ቡድኑን እንዲመራ የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ሆነ። ሰባኪው ቢያጎድላትም እውነት በያዛት ሰው እጅ ትሠራለች።

የኢትዮጵያ የገና ጨዋታም ጌታና ሎሌን በአንድ ሜዳ አሰልፎ፣ በዚያ ቀን ጌታ እንዳይቆጣ በአባባል አስሮ የኖረ ነው። የጨዋታ ሜዳ በየአገሩ ሰው ለጥቂት ሰዓት ከሥልጣኑ ወርዶ በሌላው እምነት ላይ የሚቆምበት ስፍራ ነው። ለአስተማሪም፣ ለከያኒም፣ ለኃላፊም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በራሱ ወገን ፊት የሚመዘን ሰው ሁሉ የመዛኙን ክብር በእጁ ይዟል።

መቺው የሄደ እንደሆነ ቡድኑ ሊሸነፍ ይችላል። መንገዱ ግን ወደ ዳር ብቻ አይደለም። በመንደር ግጥሚያ ከሜዳ የወጣ ሰው መምቻውን አስቀምጦ፣ ነጩን ካፖርት ከባልንጀራው ትከሻ ተቀብሎ ይለብሳል። አሁን የሚፈርደው እርሱ ነው፤ የሚመታውም ከጥቂት ደቂቃ በፊት የፈረደለት ሰው ነው።