የጎረቤት ልጅ የማን ዕዳ ነው?

«ልጅን ማሳደግ የወላጁ ዕዳ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የወላጅ ኃላፊነት ከሁሉ እንደሚቀድም የሚክድ የለም። ነገር ግን የሚቀድም ሁሉ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም።

በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ሕፃናት ስመለከት፣ ልዩነታቸው ከፊደል በፊት እንደሚጀምር ተረዳሁ። አንዱ ተረት ሲነገረው፣ ዕንቆቅልሽ ሲጠየቅ፣ ጠጠር ሲቈጥር ያደገ ነው፤ ስለዚህ ማዳመጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ ያልገባውን መጠየቅን ይዞ ይመጣል። ሌላው እናቱ ለዕለት እንጀራ ስትደክም ብቻውን የዋለ ነው፤ ስሙን ሲጠሩት እንኳ ይደነግጣል። ሁለቱም በአንድ ደወል ይገባሉ፤ መነሻቸው ግን አንድ አይደለም። ታዲያ ሁለተኛው ምን በደለ? የሚወለድበትን ቤት የመረጠ ሕፃን የለም።

ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮብል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. የከፈተውን የሕፃናት መዋያ፣ ኋላ «የሕፃናት አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። እኛም አጸደ ሕፃናት እንላለን። ስሙ ራሱ ያስተምራል፤ ችግኝ ውሃ የሚያሻው ገና በለጋነቱ ነውና።

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በዚሁ አቈጣጠር ከ1962 እስከ 1967 ዓ.ም. የተሠራው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ከድኃ ቤተ ሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። 58ቱ በጨዋታ እየተማሩ ሲያድጉ፣ መምህራኑ በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ከእናቶቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። በአእምሮ መመዘኛ ያገኙት ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋ። ነገር ግን እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸው ሲከታተሏቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስና ሠርቶ በማደር ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ በወንጀል የተያዙትም አነሱ። እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሕፃኑ ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ትልቁ ስንቅ ዕውቀት ሳይሆን ጠባይ ነው።

በአገራችንም በዚሁ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የቀዳማይ ልጅነት መመሪያ ወላጆችን ማስተማርን፣ የሕፃናትን ጤና መጠበቅን፣ አጸደ ሕፃናትንና ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያካሂደውን የትምህርት ዝግጅት በአንድነት ያዘ። ታላላቅ ተማሪዎች በመምህራን እየተመሩ ታናናሾቻቸውን ፊደልና ቍጥር በጨዋታ የሚያለማምዱበት «ከሕፃን ለሕፃን» የተባለው ሥራም ከዚህ ጋር ይቈጠራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! ይህ ነገር አንተንም ይመለከታል። ገንዘብ የለኝም አትበል፤ ሕፃን ከአንተ የሚፈልገው ግማሽ ሰዓትና አንድ ተረት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ለአንዲት ደካማ እናት የከበደው ልጅ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢያነሣው ጌጥ ይሆናል።

ይህንንም እንደ ምጽዋት አትቍጠረው። ምጽዋት ከተረፈ ይሰጣል፤ ዕዳ ግን ባይተርፍም ይከፈላል። አንተ መናገር የተማርኸው ከእናትህ ብቻ አይደለም፤ ስምህን ካቈላመጠችው ጎረቤት፣ ተረት ከነገረችህ አሮጊት፣ ከወደቅህበት ካነሣህ መንገደኛ ጭምር ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹን ዛሬ ፈልገህ አታገኛቸውም። ስለዚህ ያንን ዕዳ የምትከፍለው ካንተ በኋላ ለመጣው ሕፃን ነው።