ልብሱ ለገላው ነው ወይስ ገላው ለልብሱ?

ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን እጅጌው ቢያጥርብን «ክንድህን ቁረጠው» የሚለን የለም፤ ልብሱ ይፈታል እንጂ። ወደ አእምሮ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አእምሮው እንደ ብዙኃኑ ያልተሠራ ሰው ሲገጥመን መቀሱን በሰውየው ላይ እናነሣለን። ለመሆኑ ሕክምና ማለት ሰውን ከሥቃዩ ማሳረፍ ነው ወይስ ሌላውን እንዲመስል ማድረግ? የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ኦቲዝምን እንውሰድ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኢቫር ሎቫስ በ1987 እ.ኤ.አ. ዝነኛ ጥናት አወጣ። 19 ሕፃናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሠለጠኑ፤ 9ኙ ከእኩዮቻቸው ተስተካከሉ ተባለ። ልጁ ሲታዘዝ ይሸለማል፤ እምቢ ሲል ይጮኹበታል፣ ጭኑንም ይመቱታል። በ1960ዎቹማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳይቀር በሥራ ላይ ውሎ ነበር። የ1987ቱ ጥናት የስኬት መለኪያ የአእምሮ ፈተና ውጤትና የክፍል ምደባ ነበር። የልጁ የውስጥ ስሜት ግን በመለኪያው አልገባም።

በእንዲህ ያለው ሥልጠና ከሚዘወተሩት ትእዛዞች አንዱ «እየኝ!» የሚል ነው። እስቲ ይኸን በእኛ ሚዛን እናስቀምጠው። በእኛ አገር የታላቁን ዓይን ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ተብሎ ይቆነጠጣል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሰማው ጨዋ ይባላል። እዚያ የሕመም ምልክት የተባለው እዚህ ጨዋነት ሆኖ አረፈው! እንግዲህ «ጤናማ» ከምንለው ውስጥ ስንቱ ልማድ ብቻ እንደሆነ ልብ እንበል።

ይህን ስንል ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ርኩስ መንፈስ ይዞታል» ብሎ ጓዳ የሸሸገው ቤት ስንት ነው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጁ ለትምህርት ቤቱ አልመች ሲል ለልጁ የሚመች ትምህርት ቤት ሠሩ ማለት ነው።

«እናንተ ተማሪዎች ወሬ ታሳምራላችሁ፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ልጅ ያላት እናት ምን ታድርግ?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነት ሁሉ ጌጥ ነው ብለን ሥቃይን አንክድም። መለያችን አንድ ነው፤ ሥቃዩ የማን ነው? ራሱን የሚያጋጨው ልጅ ይጎዳል፤ ሊረዳ ይገባዋል። ደስ ሲለው እጁን የሚያርገበግበው ግን ማንን ጎዳ? የሚሸማቀቀው ተመልካቹ ነው። የተመልካቹን ኀፍረት ለመፈወስ ልጁን ማሠልጠን ሕክምና አይባልም። ያ ራሱን የሚያጋጨው ልጅም ቢሆን ጩኸት በዝቶበት ወይም ጥርሱን አሞት መናገር አቅቶት ይሆናል። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ድርጊቱን ብቻ ማስቆም አፉን ማፈን ነው።

ታዲያ መቀሱ በልብሱ ላይ ሲነሣ ምን ይመስላል? በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ ንግግሩን ግልጽ እንዲያደርግ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር እንዳያበዛ፣ በጽሑፍና በሥዕል እንዲታገዝ፣ በመሐል እረፍት እንዲሰጥ ይመክራል። ሰምና ወርቅ ለምንወድ ለእኛ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ቃሉን እንዳለ የሚወስድ ሰው ፊት ቅኔ መዝረፍ አዋቂነት አይሆንም። በዚያው ዓመት ዴሚየን ሚልተን የተባለ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር፣ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው ሲል ጽፏል። እነሱ እኛን ባይረዱ እኛስ መቼ ተረዳናቸው?

ነገ ከመምህሩ ወይም ከአማካሪው ወንበር የምንቀመጠው እኛው ነን። ያን ጊዜ ፊታችን ለሚቀመጠው ሰው «እንዴት ላስተካክልህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ያምሃል? እኔስ ምን ልለውጥ?» ማለት ይጠበቅብናል። መልሱም በአፍ ላይመጣ ይችላል፤ በጽሑፍ፣ በሥዕል፣ ወይም ጆሮን በመድፈን ሊመጣ ይችላል። እሱንም እንደ መልስ መቁጠር የእኛ ፈንታ ነው።