ተራራን ለማየት ስለ መሄድ

ሰው የዕረፍት ጊዜ ባገኘ ቁጥር ከሚኖርበት ከተማ ወጥቶ ወደ ተራራማ ገጠር መሄዱ፤ በዚያም ንጹሕ አየር እየተነፈሰ በገደሉና በሸለቆው ዓይኑን ማስደሰቱ፤ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ፤ አብዛኛው አንባቢ ሥራ ፈት ነው ብሎ ይስቅበት ይሆናል። እኔም ራሴ ከጥቂት ወራት በፊት ከሚስቁት ወገን ነበርሁ። ጥያቄውን ከቁም ነገር እንድቈጥረው ያደረጉኝ በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ መሪጌታ ናቸው፤ እኒህም ሰው በወጣትነታቸው ከጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ የዓመት ፈቃዳችንን በአንድ ጊዜ ወስደን፤ መንገዱ ሰላም የሆነ እንደ ሆነ፤ ወደ ጋይንት ለመጓዝ አሰብን። አሳቡም በወረቀት ሰፈረ። ከባሕር ዳር ተነሥተን ወረታ ስንደርስ ቻይናውያን በሠሩት በወልድያው መንገድ ወደ ምሥራቅ እንታጠፋለን፤ ደብረ ታቦር እናድራለን፤ ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ በእግር እንወጣለን፤ ጅብራውን፣ አስታውንና ጓሳውን አይተን በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ቤተ ልሔም እንዘልቃለን። ጊዜውም አደይ አበባ ሳይረግፍ በመስከረም መጨረሻ እንዲሆን ተስማማን። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ የቆርቆሮ ምግብና ካሜራ ከወረቀቱ ግርጌ ተዘረዘሩ። ያንን ወረቀት ይዘን ስለ መንገዱ ምክር ለመጠየቅ ወደ መሪጌታ ገባን።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡትና አጥፈው መለሱልን።

«ለመሆኑ ማንን ልትጠይቁ ነው የምትሄዱት?» አሉን።

«ማንንም አይደለም የኔታ፤ አገሩን ልናይ ነው» አልኋቸው።

«አገሩን ብቻ?» አሉና ወደ መዝገባቸው ተመለሱ።

ቃሉ እንደ ቀልድ የተነገረ ቢመስልም ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቤ አልወጣም። በእውነቱ ቋንቋችንን ለመረመረው ሰው፤ አባቶቻችን ከቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ መሄድን የሚገልጹባቸው ቃላት ሁሉ በዚያ ማዶ አንድ ሌላ ሰው መኖሩን ያመለክታሉ። ጠየቀ ሲባል ዘመድ ወይም በሽተኛ አለ፤ ጎበኘ ሲባል እንዴት እንደሰነበተ የሚታይለት ሰው አለ፤ ተሳለመ ሲባል ደጁ የሚሳምለት ታቦት አለ። አየ የሚለው ቃል ብቻ ማንንም አይሻም፤ ድንጋይንም ሰውንም በእኩል ያያል። ለማየት ብቻ ብሎ መሄድ በአገራችን የቈየ ልማድ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን ሲመሩና አገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» እያሉ ለዓለም ሲያስተዋውቁ በመጀመሪያ የታሰበው የውጭ አገር ሰው ነበር። ዛሬ ግን እኛው የአገሩ ልጆች በገዛ አገራችን በእንግዳ ዓይን መመልከትን ተምረናል። ይህን የምለው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ አዲስ ልማድ ሁሉ መጥፎ አይደለምና። ዳሩ ግን አዲስ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ቀድሞስ ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ማን ነበር ቢባል፤ ተማሪ ነበር። የቅዱስ ያሬድ ድጓ በትምህርት ቤቶች ሁሉ ይነገራል፤ ነገር ግን ድጓ አዋቂ ተብሎ ለመመስከር የበቃ ሰው የሚፈተንበት ሥፍራ ቤተ ልሔም ነው። ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ፤ ድፋቱን፣ ደረቱን፣ ቅናቱን፣ ይዘቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን፣ ሂደቱንና ቁርጡን በየፊደሉ ላይ ጠንቅቆ አውቆ፤ የዓመቱን በዓል ሁሉ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ መዝለቅ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ከዚህም ሌላ ተማሪው የገዛ ድጓውን በእጁ መጻፍ አለበት፤ ብራናውን ይፍቃል፤ ቀለሙን ይበጠብጣል፤ መቃውን ይቀርጻል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻው ደግሞ በዚያው በጋይንት ምድር ወዳለው ወደ ዙር አምባ ይሻገራል። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግሬና ከወሎ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ ያን ሁሉ አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው አሳቡ መልክዓ ምድሩ ላይ እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ወደ መሪጌታ ተመልሼ «የኔታ፤ ያ አገር ውብ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብርድ ነበረ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ስለ ውሾች አወሩልኝ። በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ የሚወጣባቸውን ውሻ ሁሉ በመልኩ ያውቁት ነበር። ስለ እንጨት አወሩልኝ፤ በሌሊት ቀለም ሲያጠኑ እሳቱ ከጠፋ እጃቸውን በብብታቸው ያገቡ ነበር። ስለ ተራራው ግን አንድ ቃል አላወጡም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ፍርድ ኃይል በተመራመረበት መጽሐፉ፤ አስፈሪ ገደልና ዐውሎ ነፋስ ደስ የሚያሰኙን እኛ ከአደጋ በራቀ ሥፍራ የቆምን እንደ ሆነ ብቻ ነው ይላል። እዚያው ላይ ሶሱር የተባለ የስዊስ ሊቅ የተረከውን ያነሣል፤ ይኸውም አንድ የሳቮይ ባላገር በበረዶ ተራራ ፍቅር የሚቃጠሉትን ሰዎች ሁሉ ያለ ማመንታት ሞኞች እንዳላቸው ነው። ካንት ባላገሩ አስተዋይ መሆኑን አይክድም፤ ነገር ግን አእምሮው በትምህርት ያልታረሰ ሰው በተራራው ውስጥ ከድካምና ከሥጋት በቀር ሌላ አያይም ብሎ ይፈርዳል። ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ያልሄደ ሰው ስለ ተራራ ይህን ያህል መጻፉ ሊደነቅ ይገባል፤ ፍርዱን ግን አልቀበለውም። የእኛ መሪጌታ ያልተማሩ ሰው አይደሉም፤ ትምህርታቸውም ከፈላስፋው ትምህርት በዓመት ብዛት አያንስም። በዚያን ጊዜ ያጡት ትምህርት ሳይሆን ማገዶ ነው።

ደግሞስ ባላገር ውበት አያይም ያለው ማን ነው? በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ የሚያልፍ መንገደኛ ልብ ብሎ ቢመለከት፤ ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ዙሪያዋን ጽድና ወይራ ከቧት፤ ቆላና ደጋውን በአንድነት ከምታሳየው ጉብታ ላይ ሆና ያገኛታል። ያን ሥፍራ የመረጠው መሐንዲስ አይደለም። ስለ መሬቱ የምንናገርበት «መልክዓ ምድር» የተባለውም ቃል፤ ሊቃውንት ቅዱሳንን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካል በአካል እየጠሩ ሰላምታ የሚያቀርቡበትን የመልክዕ ድርሰት ያስታውሰኛል። መልክዕ የሚደግም ሰው የሚያመሰግነውን በስም ያውቀዋል፤ እንዳየውም ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ ዝም ብሎ አያፈጥበትም።

በሦስተኛው ጊዜ፤ እኔ ሳልጠይቃቸው፤ መሪጌታ ራሳቸው ነገሩን አነሡት። «ያን ዕለት ብርድ ነበረ ያልሁህ» አሉኝ፤ «እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጧት ሌሊቱን ሙሉ ስቀጽል አድሬ ከጎጆዬ ብወጣ፤ ጉም ቆላውን ሁሉ ሞልቶ ምድር የተነደፈ ባዘቶ መስላ አየኋት። የተራሮቹ ራስ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ደንግጬ ቆምሁ። ስንት ጊዜ እንደ ቆምሁ አላውቅም።» «ከዚያስ የኔታ?» «ከዚያማ ዱላዬን አንሥቼ ለልመና ወረድሁ።»

እንግዲህ ተራራውን በደንብ ያየው በተራራው የተሠቃየው ብቻ ነው ልል ቃጥቶኝ ነበር። ይህም ትክክል አይሆንም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. የጻፈውና አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የራስላስ ታሪክ፤ በተራሮች በተከበበ እጅግ ባማረ ሸለቆ የሚኖር የኢትዮጵያ ልዑል ምቾቱ ሰልችቶት ለመውጣት ሲታገል ያሳያል። በውስጡ የሚኖር ውጭውን ይናፍቃል፤ በውጭ ያለውም ውስጡን ይናፍቃል። ይህ የሰው ባሕርይ ነውና ዕረፍት የሚሻውን የከተማ ሰው በዚህ መክሰስ አይገባም። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ጣናን ሞልተው ከዓባይ ጋር ስንት አገር ያጠጣሉ፤ ተራራውም ለዚህ ማስፈቀጃ አልጠየቀም።

ራስላስን ካነሣሁ ዘንድ፤ የዚህን መጽሐፍ ተራሮች ፍለጋ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ስለመጣው ስለ ቶማስ ፓከናም ጥቂት ልበል። ይህ ወጣት በበቅሎ ሲዞር ቤተ ልሔም ደረሰ፤ በውጭ ሲያዩት እንደ ማናቸውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብና የሣር ክዳን ያለው ሕንፃ ገብቶ ቢያይ፤ በውስጡ በድንጋይ የታነጸ፤ ማዕዘን ያለው የመካከለኛው ዘመን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ለዓለም አስታወቀ። ስለዚህም ቤተ ልሔም ተገኘች ተባለ። ለማን ጠፍታ ነበር? ክቡን ቤት በላዩ ሠርተው፤ ሣሩን በየጊዜው እየከደኑ፤ ያን ድንጋይ ከዝናብ ያዳኑት ሰዎች ምን እንደ ደበቁ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቢሆንም ለፓከናም ምስጋና አልነፍገውም። ሰውዬው በእንግድነት ከሰው ቤት እየገባ፤ ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣ እየተጠየቀ ነው ያለፈው። የእኛ ዕቅድ ግን ድንኳንና የቆርቆሮ ምግብ ነበረው፤ ይኸውም ከማንም ደጅ ላለመድረስ የታሰበ ነው።

(ዐፄ ቴዎድሮስም በዚሁ ምድር እንዳለፉ አይዘነጋም። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥተው በጨጨሆ በኩል መቅደላ ለማድረስ መንገዱን እየደለደሉ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ለእሳቸው ያ ገደል ዕይታ ሳይሆን ዕዳ ነበር።)

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወዳሳፈረኝ ነገር ልምጣ። ወረቀታችንን እንደገና ስመለከት በሦስተኛው ቀን ረድፍ «ነፋስ መውጫ፤ ምሳ» የሚል አገኘሁ፤ ጽሕፈቱም የእኔ ነው። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የደረሰባት ከተማ ናት። የትግራይ ኃይሎች በያዟት ቀናት በሴቶቿ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ዐምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ተርኮታል። ከዚያም ቁስሉ ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ገጠመው። ጋይንት በድርቅና በምግብ እጥረት ስሟ ደጋግሞ የተነሣ አገር መሆኗንም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፤ ስለዚያች ከተማ የጻፍሁት ቃል ምሳ የሚል ነው።

ይህን ለባልንጀሮቼ ብነግራቸው አንደኛው ተቈጣ። «ታዲያ የተጐዳ አገር አይረገጥ ልትል ነው? ሴትዮዋ ጠላና እንጀራ ካልሸጠች፤ አልጋ ያለው አልጋውን ካላከራየ፤ ጉዳታቸው እጥፍ አይሆንም? አንተ አፍረህ አዲስ አበባ ብትቀር ለነፋስ መውጫ ምን ጠቀምሃት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልስም አጣሁለት። ቤቱ ተቀምጦ የሚያዝን ሰው ኀዘኑ ለራሱ እንጂ ለኀዘንተኛው አይደርስም። ለቅሶ እንኳ የሚደረሰው በእግር ነው።

ስለዚህ መሄዱን አልተውነውም፤ የተውነው ወረቀቱን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ነውሩ ዓይን ውበትን በመፈለጉ አይደለም። በገጠር እንግዳ ሲመጣ፤ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አገሩ ደኅና ነው፣ ምን እግር ጣለህ ይባላል። ጠያቂው ተጠያቂ ይሆናል። ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ካሜራውን አውጥቶ የሚያልፈው ሰው ግን ያያል እንጂ አይታይም፤ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም። ለዚያች ከተማ ሴት ምን እግር ጣለህ ስትለኝ የምሰጣት መልስ ሊኖረኝ ይገባል፤ «ተራራ ላይ» ብላትም ሳላፍር ለማለት ቢያንስ ቁጭ ብዬ ስሟን ጠይቄ፤ የምትነግረኝን ሰምቼ፤ ልትነግረኝ የማትፈቅደውን ደግሞ ሳልጎረጉር መሆን አለበት። ይህ ከባድ ነው። ከድንኳን ተከላ ይልቅ ይከብዳል።

አዲሱን ዝርዝር ያወጡልን መሪጌታ ናቸው። ድንኳኑ ተሠረዘ፤ ካሜራው ቀረ፤ ነገር ግን «አስፈቅዶ» የሚል ቃል ተጨመረበት። ለተማሪዎቹ ብርድ ልብስ፣ ጨውና የእጅ ባትሪ እንድንይዝ አዘዙን። ቤተ ልሔም ስንደርስ በቀን ዞር ዞር ብለን እንዳንመለስ፤ ሌሊት ተማሪዎቹ ያለ መብራት ቀለማቸውን በቃል ሲያዜሙ ከጎጆው ደጅ ተቀምጠን እንድናዳምጥ ደጋግመው መከሩን።

«የኔታ፤ በጨለማ ከሆነማ ተራራውን እንዴት እናየዋለን?» አልኋቸው።

«ተራራውማ» አሉኝ ወረቀቱን እየመለሱልኝ፤ «ጧትም እዚያው አለ።»