ለተሸነፈው የሚተርፍ መሬት

ሁለት ወንድ ነጭ አውራሪሶች በግዛታቸው ወሰን ላይ ሲገናኙ ከደም በቀር ምን ይጠበቃል? እያንዳንዳቸው ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ፣ ሞትን በአፍንጫቸው ላይ ተሸክመው የሚዞሩ ኮርማዎች ናቸውና። በደቡብ አፍሪካው የህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ ጥብቅ ስፍራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ቀስ ብለው ይቀራረባሉ፣ ቀንድ ለቀንድ ሆነው በዝምታ ይፋጠጣሉ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቀንዳቸውን ከመሬት ያሻሉ፣ ደግመው ይቀርባሉ፣ ደግመው ይፋጠጣሉ፤ በመጨረሻም አንዱም ሳይወድቅ፣ አንዱም ሳይዋረድ፣ እያንዳንዱ ፊቱን ወደ መጣበት መልሶ ወደ ሣሩ ያዘግማል። ራሱን የሚያውቅ ጉልበት መለካካት ይበቃዋል።

የግዛት ጌታ የሆነው ኮርማ ወሰኑን የሚያጥረው በጠረን ነው። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ዓለሙ የጠረን ዓለም ናት፤ ፋንድያውን በለመደው ቦታ ጥሎ በኋላ እግሮቹ እየረገጠ ይበትነዋል፣ ቀንዱን ከቁጥቋጦ አሽቶ፣ መሬቱን በእግሩ ፍቆ፣ ሽንቱን ወደ ኋላ ይረጨዋል፤ «እዚህ አለሁ» ማለቱ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን በድርቁ ወራት ውሃ ፍለጋ የጎረቤቱን ግዛት ማቋረጥ ግድ ሲሆንበት የሚታይበት ጠባይ ነው። በሰው መሬት ላይ ሽንቱን አይረጭም፤ ባለቤቱ ቢመጣበትም የቤቱን ያህል አይደፍርም፣ ወደ ወሰኑ እያፈገፈገ ይሄዳል እንጂ። አካሉ ያው ነው፣ ቀንዱም ያው ነው፤ የተለወጠው የቆመበት መሬት ብቻ ነው። እኛ ጌትነት ከክንድ የሚፈልቅ ይመስለናል፤ የእሱ ጌትነት ግን ከእግሩ ሥር ካለው አፈር የተበደረው ነው፤ ወሰኑን ሲሻገር ብድሩን መልሶ፣ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን እንስሳት የተከታተለው ተመራማሪ ኖርማን ኦወን-ስሚዝ ካሳወቀን ሁሉ ልቤ ደጋግሞ የሚመለሰው ወደ በታቹ ኮርማ ነው። በጌታው ግዛት ውስጥ ሌላ ወንድ ይኖራል፤ ሽንቱን አይረጭም፣ ፋንድያውን አይበትንም፣ ጌታው ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ እያጓራ ባለበት ይቆማል። ማጓራቱ ቁጣ ይመስላል፤ ፍቺው ግን «አልደርስብህም፣ አትድረስብኝ» ነው፤ ጌታውም አይቶት ያልፋል። አንዳንዴ ይህ ዝምተኛ ኗሪ ትናንት የዚያው መሬት ገዢ የነበረ ነው፤ ርስቱን ተነጥቆ በዚያው ርስት ላይ ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ባላባት፣ ያለፈ ክብሩን ምልክቶች ሁሉ ትቶ፣ የሚያውቀውን ሣር እየጋጠ ዕድሜውን ይገፋል። ያሸነፈው ሊገድለው የሚችል ነበር፤ አልገደለውም። ማሸነፍና ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስንቱ የሰው ገዢ ሳያውቀው ሞቷል?

ይህ ሰላም ግን ስፋት ይፈልጋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የደቡባዊው ነጭ አውራሪስ ዘር ከመቶ በማይሞሉ ነፍሶች ተንጠልጥሎ የተረፈው በዚያው በኢምፎሎዚ ምድር ነበርና፣ ሰው እንስሳውን ከጥይት ለማዳን ማጠሩ ደግ ሥራ ነው። አጥር ግን ከውጭ የሚመጣውን እንደሚከለክል ሁሉ ከውስጥ የሚሸሸውንም ይመልሳል። አቅሙ የጠነከረ ወጣት ኮርማ የራሱን መሬት ፍለጋ ይወጣል፤ ከአጥሩ ጋር ሲላተም ይመለሳል፤ ሲመለስ የሚጠብቀው የሌላ ኮርማ ደጅ ነው። ያን ጊዜ መፋጠጡ ወደ መዋጋት፣ ማፈግፈጉም ወደ መሞት ይለወጣል። ይበልጥ ቁጡ በሆነው በጥቁር አውራሪስ ዘንድማ በውጊያ ቁስል መሞት የተለመደ ነው፤ በጠባብ ስፍራ ሲሆን ጠባቂዎች ሁልጊዜ የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ጨካኙ ኮርማ ነው እንላለን፤ የሚሸሽበትን ያሳጣነው ግን እኛ ነን።

ኦወን-ስሚዝ ያቀረበው መፍትሔ ቀላልና ጥበብ የሞላበት ነበር፤ በጥብቅ ስፍራው ጠርዝ የአውራሪስ ቁጥር ሆን ተብሎ ዝቅ የሚደረግበት መሬት ይኑር፣ ከመሐል የተገፋው ወደዚያ ይፍሰስ የሚል። የኢምፎሎዚ ጠባቂዎች ሐሳቡን ተቀብለው ሥራ ላይ አዋሉት፤ አውራሪሶችን ከዚያ መሬት ብቻ እያነሡ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ጀመሩ። ስለዚህ ጥበቃን በተቆጠሩ ራሶች ብዛት ብቻ አንመዝነው፤ አውራሪስን የሚጠብቅ ሁሉ ለተሸነፈውም መሬት ያስተርፍ።